ናታን ስሚዝ ዴቪስና አምስቱ የኮሚቴ ወንበሮች

የሙያ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ በተቃረበ ቁጥር በአባላት ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ዘወትር አንድ ነው፤ ይኸውም መጪው ፕሬዚዳንት ማን ይሆን የሚለው ነው። እጩዎቹን መርምሮ ለጉባኤው የሚያቀርበው ኮሚቴ በእነማን ይቋቋም የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ለስብሰባው ማብቂያ የሚተው፣ ሰው ሁሉ ወደ በሩ በሚመለከትበት ሰዓት በችኮላ የሚታለፍ ጉዳይ ነው። እኔ ራሴ በአንድ ጉባኤ ላይ እንዲህ ያለው ኮሚቴ ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሰዎች ስም በተርታ እየተጠራ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሲመረጥ አይቻለሁ፤ ከሌሎቹም ጋር እጄን አንሥቼ አጽድቄአለሁ። ስለዚህ የመጽሔቱ አዘጋጆች የእጩ አቅራቢ ኮሚቴ አባላት እንዴት ሊመረጡ ይገባል በሚለው ርእስ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ደንብ ከመዘርዘር ይልቅ የአንድን ሐኪም ሕይወት መተረክ የተሻለ መስሎ ታየኝ። ሰውየው ናታን ስሚዝ ዴቪስ ይባላሉ። አገራቸው አሜሪካ፣ ዘመናቸው አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማኅበራቸው የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር ሲሆን፣ የማኅበሩ አባት እየተባሉ ለብዙ ዘመን ሲወደሱ ኖረዋል።

ዴቪስ በጃንዋሪ 9 ቀን 1817 በኒው ዮርክ ግዛት ግሪን በምትባል ቀበሌ ከገበሬ ቤተሰብ፣ ከግንድ በተሠራ ጎጆ ውስጥ ተወለዱ። ከሰባት ልጆች የመጨረሻው እርሳቸው ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው ሞቱባቸው። እስከ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ድረስ በእርሻ ሥራ አባታቸውን እየረዱ፣ ሥራ በሚቀልበት ወራት በመንደሩ ትምህርት ቤት እየተማሩ አደጉ። ከዚያም እንደ ዘመኑ ልማድ በአንድ የገጠር ሐኪም ዘንድ በተለማማጅነት ገብተው፣ በ1837 ፌርፊልድ ከሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ዲፕሎማቸውን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ነበር።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ ለታሪካችን አስፈላጊ ነው። ኮሌጁ የሚያስተምረው በዓመት አራት ወር ያህል ሲሆን፣ ተማሪው በሁለተኛው ዓመት የሚሰማው ትምህርት በመጀመሪያው ዓመት የሰማውን ያንኑ ነበር። መምህሩ የሚከፈለው ተማሪው በሚገዛው የመግቢያ ካርድ ነው። ብዙ ተማሪ ያለው ብዙ ገቢ አለው፤ የሚፈትነውም፣ የሚያስመርቀውም ያው መምህር ነው። ዲፕሎማው ደግሞ ራሱ የሥራ ፈቃድ ሆኖ ያገለግል ነበር። ሻጩና መስፈሪያውን የያዘው አንድ ሰው በሆነበት ገበያ እህሉ ሲጎድል ማን ይናገራል? ዴቪስ ይህን ጉድለት ከውስጥ ሆነው ያዩት ሰው ናቸው።

ቢንጋምተን በምትባል ከተማ ሥራ ጀምረው በብሩም አውራጃ የሐኪሞች ማኅበር ውስጥ በጸሐፊነት አገለገሉ። በ1844 ይኸው ትንሽ ማኅበር እንደራሴው አድርጎ ወደ ኒው ዮርክ ግዛት የሕክምና ማኅበር ጉባኤ ላካቸው። የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበሩ። ታላላቆቹ በተቀመጡበት ጉባኤ ውስጥ ተነሥተው ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ሦስት ነገር የያዘ ነበር፤ ሕክምና ለመማር የሚገባ ሰው አስቀድሞ በቂ አጠቃላይ ትምህርት ይኑረው፣ የኮሌጁ የትምህርት ጊዜ ይርዘም፣ የሥራ ፈቃድ የሚሰጡትም ፈታኞች ከሚያስተምሩት መምህራን የተለዩ ይሁኑ የሚል ነው። ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ መምህራኑን አስቆጣ። የተሰጣቸውም መልስ ብልሃት የተሞላበት ነበር፤ ኒው ዮርክ ብቻዋን ደረጃዋን ከፍ ብታደርግ ተማሪዎቿ ወደ ጎረቤት ግዛት ኮሌጆች ይጎርፋሉ የሚል ነው። ዴቪስ ከዚህ መልስ ሌላ ሐሳብ አወጡበት። አንድ ግዛት ብቻውን የማይችለው ከሆነ የሁሉም ግዛቶች ሐኪሞች በአንድነት ይሰብሰቡ አሉ፤ በ1845ም ብሔራዊ ጉባኤ እንዲጠራ የሚለውን የውሳኔ ሐሳብ አቅርበው አስወሰኑ።

ጉባኤው በሜይ 1846 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተሰበሰበ። ገና ከመጀመሩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክተር ቤድፎርድ ተነሥተው፣ ከግማሽ የሚበልጡት ግዛቶችና ኮሌጆች ስላልተወከሉ ጉባኤው ያለ ቀጠሮ ይበተን ብለው ጠየቁ። ድምፅ ሲሰጥ ግን ሐሳቡን የደገፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ሆኑ። የአሥራ ስድስት ግዛቶች ወኪሎች የተገኙበት ይህ ስብሰባ ቋሚ ማኅበር እንዲመሠረት ወስኖ በዓመቱ በፊላዴልፊያ ለመገናኘት ተቀጣጠረ።

ሜይ 5 ቀን 1847 በፊላዴልፊያ የተፈጥሮ ሳይንስ አካዳሚ አዳራሽ ወደ 250 የሚጠጉ ልዑካን ተገኙ። ከ40 የሚበልጡ የሐኪሞች ማኅበራትን፣ 28 ኮሌጆችን፣ 22 ግዛቶችንና ርእሰ ከተማውን ወክለው ነበር። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር ተመሠረተ፤ የሥነ ምግባር ደንቡም ጸደቀ። እዚህ ላይ ለእኛ ጉዳይ ዋና የሆነው ነገር ይመጣል። ልዑካኑ አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ነበር። የቦስተኑ ሐኪም የቴኔሲውን አያውቅም፤ የቨርጂኒያው ስለ ኦሃዮው የሰማው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ጉባኤ መሪዎቹን በምን ይምረጥ? መልሱ ከየግዛቱ ልዑካን መካከል አንዳንድ ሰው ተመርጦ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ኮሚቴውም እጩዎቹን መክሮ ለጉባኤው ያቅርብ የሚል ሆነ። የፊላዴልፊያው ታላቅ መምህር ዶክተር ናትናኤል ቻፕማን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ዴቪስ ሠላሳ ዓመታቸው ነበር፤ መሥራችነታቸው የፕሬዚዳንትነት ወንበር አላስገኘላቸውም፤ እንዲያስገኝላቸው መጠየቃቸውንም የሚያመለክት ነገር አላነበብኩም።

ከየግዛቱ አንድ ሰው የሚለው ልማድ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ጸንቶ ቆየ። በየዓመቱ ጉባኤው ሲከፈት የየግዛቱ ልዑካን ለብቻቸው ተሰብስበው አንድ ሰው ይመርጣሉ። የተመረጡት ሰዎች ወደ አንድ ክፍል ገብተው ይመክራሉ፤ የሹማምንቱን፣ የልዩ ልዩ ኮሚቴዎችን አባላትና የሚቀጥለውን ጉባኤ ከተማ ሳይቀር በዝርዝር ይዘው ይወጣሉ። ጉባኤውም ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩን እንዳለ ይቀበላል። እንግዲህ የማኅበሩ ምርጫ በእውነቱ የሚከናወነው በታላቁ አዳራሽ ሳይሆን በዚያች ክፍል ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ይህን አሠራር ማመስገን ተገቢ ነው። ፕሬዚዳንቱ ወዳጆቹን ሰብስቦ ኮሚቴ የሚያደርግበት መንገድ ተዘጋ። ከሩቅ የመጣው ሐኪም ከፊላዴልፊያው ጋር እኩል ተቀመጠ። የኮሚቴውን አባል የሚመርጠው የሚያውቀው የራሱ አካባቢ ሰው ስለሆነ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ይመሰክርለታል። ነገር ግን ጉድለቱም ከዚሁ ከመልካምነቱ የሚመነጭ ነበር። ሁለት ልዑክ የላከው ግዛት ስልሳ ከላከው ጋር አንድ ድምፅ አለው። ደግሞም የኮሚቴው አባል የሚመረጠው የአገሩ ሰው በመሆኑ እንጂ ሰውን መመዘን የሚያውቅ፣ የማኅበሩን ሥራ የተከታተለ፣ የሚያውቀውን ለመናገርም የማይፈራ በመሆኑ አይደለም። አካባቢ መስፈርት ሲሆን ሌላው መስፈርት ሁሉ ይረሳል። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ወገን የየራሱን ሰው ከጠራ በኋላ ከሁለቱም ያልሆነ የጋራ ሰው ይፈለጋል፤ የየወገኑ ሰው የወገኑን ስሜት ለማሰማት ይጠቅማል፣ ለማስታረቅ ግን ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚታወቅ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ያንን የጋራ ሰው አልጨመሩም።

ዴቪስ በ1847 ወደ ኒው ዮርክ ከተማ፣ በ1849 ደግሞ ወደ ቺካጎ ተዛወሩ። ቺካጎ ያን ጊዜ ጭቃዋ የበዛ፣ የቆሻሻ ማውረጃ የሌላት፣ ኮሌራ የሚመላለስባት አዲስ ከተማ ነበረች። በረሽ የሕክምና ኮሌጅ እያስተማሩ ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ ቆሻሻ ማስወገጃ በአደባባይ ንግግር አደረጉ፤ ከንግግሩ የተገኘውም ገንዘብ አሥራ ሁለት አልጋ ላለው ሆስፒታል ማቋቋሚያ ዋለ። ይህ ሆስፒታል በ1851 ለምሕረት እኅቶች መነኮሳት ተላልፎ የመርሲ ሆስፒታል መነሻ ሆነ። ትምህርቱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ ይሰጥ የሚለውን ሐሳባቸውን የኮሌጁ መሪ ዶክተር ብሬናርድ ስላልተቀበሉት ከጓደኞቻቸው ጋር ወጥተው በ1859 አዲስ የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ኋላ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የሆነው ይኸው ነው። የመጠጥ ሱስን እንደ በሽታ ቆጥረው ለሱሰኞች ማገገሚያ ቤት ካቋቋሙት መካከልም ነበሩ። በአለባበሳቸው የድሮ ሰው ነበሩ ይባላል፤ ፋሽኑ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላም ጅራታም ኮታቸውን አልጣሉም።

የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ማኅበሩ በ1861ና በ1862 ሳይሰበሰብ ቀረ። ዴቪስ በ1864 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው በ1865 የቦስተኑን ጉባኤ መሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ የዴቪስ ጭንቀት አንድ ነበር፤ የደቡብ ሐኪሞች ተመልሰው ወደ ማኅበሩ ይግቡ የሚል። ያለ እነርሱ ማኅበሩ ብሔራዊ ሊባል አይችልም፤ ብሔራዊ ካልሆነም ትምህርቱን ለማሻሻል የተጀመረው ሁሉ ይፈርሳል ብለው ያምኑ ነበር። በ1869 ጉባኤው በኒው ኦርሊየንስ ሲደረግ ይህ ምኞት የተፈጸመ መሰለ። የሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ በዋሽንግተን እንዲሆን ተወሰነ።

በዋሽንግተን ግን ሌላ ጉዳይ ይጠብቃቸው ነበር። የከተማይቱ የሕክምና ማኅበር በ1869 ሦስት ጥቁር ሐኪሞችን በአባልነት ለመቀበል ተጠይቆ እምቢ ብሏል። ሦስቱ ሐኪሞች አሌክሳንደር ኦገስታ፣ ቻርልስ ፐርቪስና አልፌየስ ታከር ነበሩ። ኦገስታ በቶሮንቶ ተምረው በጦርነቱ ጊዜ በሰሜኑ ጦር ውስጥ በሻለቃነት ማዕርግ በሐኪምነት ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ኦገስታና ፐርቪስ አዲስ በተከፈተው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ክፍል ያስተምሩ ነበር። የሙያ ብቃታቸው አላከራከረም፤ ያከራከረው ቀለማቸው ነው። ከማኅበሩ ውጭ መቅረት የክብር ነገር ብቻ አልነበረም፤ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ከባልደረባ ጋር ለመመካከር፣ ጥናት ለመስማት፣ ሆስፒታል ለመግባት በሩን የሚዘጋ ነገር ነበር። ስለዚህ በጃንዋሪ 1870 ነጭና ጥቁር ሐኪሞች ተባብረው ብሔራዊ የሕክምና ማኅበረሰብ የተባለ ሌላ ማኅበር መሠረቱ። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር ጉባኤ በሜይ ሲከፈት ከአሮጌውም ከአዲሱም ማኅበር ልዑካን ቀረቡ።

ክርክሩ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው አምስት ሰዎች ነበሩት፤ ዴቪስ አንዱና ዋነኛው ነበሩ። ኮሚቴው ተከፈለ። ዴቪስና ሁለት ጓደኞቻቸው አዲሱ ማኅበር አሮጌውን ለመጉዳት ተገቢ ባልሆነ መንገድ ሠርቷል፣ ቻርተሩም እንዲሰረዝበት ኮንግሬሱን ለምኗል በማለት ልዑካኑ እንዳይገቡ ሐሳብ አቀረቡ። የፊላዴልፊያው ዶክተር አልፍሬድ ስቲሌና የሠራዊቱ ሐኪም ዶክተር ውድዋርድ ግን ማኅበሩ በሕግ የተቋቋመ፣ አባላቱም ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች ስለሆኑ ሊከለከሉ አይገባም ብለው የተለየ ሐሳባቸውን ጻፉ። ሦስት ለሁለት መሆኑ ነው። ጉባኤው በ114 ድምፅ ለ82 የሁለቱን ሐሳብ ወደ ጎን አደረገው፤ የሦስቱ ሐሳብ ጸና። ቀጥሎም ጉባኤው ውሳኔው ከዘርና ከቀለም ጋር ግንኙነት የለውም የሚል የውሳኔ ሐሳብ አሳለፈ። እንዲህ ያለው ክህደት የሚያሳየው ምን እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፈርደዋል።

እኔ ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ትኩረቴን የሳበው ድምፁ ሳይሆን አምስቱ ወንበሮች ናቸው። ከአምስቱ አንዱ ብቻ ወደ ስቲሌና ወደ ውድዋርድ ቢያዘነብል የኮሚቴው ሐሳብ ይገለበጥ ነበር፤ ሐሳቡ ቢገለበጥ ጉባኤው ምን ባደረገ ማለት አይቻልም። የ82ቱ ድምፅ ግን ሰሚ አጥቶ የቀረ እንጂ ያልነበረ አለመሆኑን ያሳያል። የደከመው ልዑክ በጉባኤ አዳራሽ ተቀምጦ የሚያገኘው ጥያቄው እንዲህ ነው የሚለውን የኮሚቴ ወረቀት ነው፤ ጥያቄውን የሚቀርጸው ኮሚቴው ነው። ዴቪስም ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ አልጽፍም። ለእርሳቸው የሚበልጠው የማኅበሩ አንድነት ነበር፤ አንድነቱን ሊያፈርስ ይችላል ብለው የፈሩትን ነገር ከበሩ ውጭ ማስቀረትን መረጡ። ነገር ግን ከፍ ያለ የትምህርት ደረጃ እንጂ የትውልድ ስፍራ ሐኪምን አይለየውም ብለው በሃያ ሰባት ዓመታቸው የተነሡት ሰው፣ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ዲፕሎማቸው እንከን የሌለበትን ሐኪሞች በር ላይ አቆሙ። የሕይወታቸው ታላቅ ተቃርኖ ይህ ይመስለኛል።

የተዘጋው በር ቶሎ አልተከፈተም። በ1873 የሥነ ምግባር ክርክሮች ከጉባኤው አዳራሽ ወጥተው በዳኝነት ምክር ቤት እንዲታዩ ተደረገ፤ ዴቪስም ከምክር ቤቱ ዋነኞች አባላት አንዱ ሆኑ። በ1874 ልዑክ ለመላክ የሚችሉት የየግዛቱ ማኅበራትና በእነርሱ የታወቁት የአካባቢ ማኅበራት ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ የአደረጃጀት ጉዳይ ነው፤ በተግባር ግን ጥቁር ሐኪም በተወለደበት አውራጃ ማኅበር ካልተቀበለው በአገር አቀፉ ማኅበር ስፍራ አይኖረውም ማለት ነበር። በደቡብ ያሉት ብዙዎቹ የአውራጃ ማኅበራት እስከ 1960ዎቹ ዓመታት ድረስ አልተቀበሉም። ጥቁር ሐኪሞች በ1895 በአትላንታ የራሳቸውን ብሔራዊ የሕክምና ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ በኋላ በአንድ አገር፣ በአንድ ሙያ፣ ሁለት ማኅበር ጎን ለጎን ኖረ።

በዴቪስ ሕይወት ውስጥ ሌላ የኮሚቴ ጠብ አለ፤ ይህኛው ደግሞ አስገራሚ ነው። ማኅበሩ በ1884 ዓለም አቀፉን የሕክምና ጉባኤ ወደ ዋሽንግተን እንዲጋብዝ ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ግብዣውን አስፈጽሞ ሲመለስ፣ የጉባኤውንም ዝግጅት ራሱ ያዘና ሌሎች ሰዎች ጨምሮ ሹማምንቱን መደበ። አብዛኞቹ ከምሥራቁ ታላላቅ ከተሞች የተመረጡ ስመ ጥር ሐኪሞችና ልዩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የጦር ሠራዊቱ ሊቅ ጆን ሾ ቢሊንግስ የሥራው አንቀሳቃሽ ነበሩ። የምዕራብና የደቡብ ሐኪሞች ተቆጡ። ሰባቱ ሰዎች ከተሰጣቸው ሥልጣን አልፈዋል፣ ወዳጆቻቸውን ሾመዋል፣ ከዚህም ሌላ የማኅበሩን የሥነ ምግባር ደንብ የጣሉትን የኒው ዮርክ ሰዎች አስገብተዋል አሉ። የኒው ዮርክ ማኅበር በ1882 ከሆሚዮፓቲ ሐኪሞች ጋር ለመመካከር የሚፈቅድ አዲስ ደንብ አውጥቶ ስለነበረ ጠቡ ገና ትኩስ ነበር። በ1885 በኒው ኦርሊየንስ ጉባኤው በኮሚቴው ላይ ከየግዛቱ አንዳንድ ሰው እንዲጨመርበት ወሰነ። አሮጌው መድኃኒት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አዲሱ ትልቅ ኮሚቴ በቺካጎ ተሰብስቦ ሹመቱን እንደ ገና አደላደለ፤ አዲሱን ደንብ የደገፉትን አወጣ። በዚህ የተነሣ ብዙዎቹ የምሥራቅ ሊቃውንት ከተሰጣቸው ስፍራ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። ፕሬዚዳንት ሊሆኑ የታጩት ታላቁ ሐኪም ኦስቲን ፍሊንት በማርች 1886 ሞቱና ዴቪስ ተተኩ። ሰባ ዓመታቸው ነበር በሴፕቴምበር 1887 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ በተገኙበት ጉባኤውን ሲከፍቱ። ጉባኤው ተካሄደ፤ ሊመጡ ይችሉ ከነበሩት ሊቃውንት ግን ብዙዎቹ ቀሩ። ሁለቱ ኮሚቴዎች ሁለት ዓይነት በሽታ እንደ ነበረባቸው መናገር ይቻላል። ሰባቱ ሥራውን ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁ ከሚያውቁት ሰው ውጭ አላዩም። ከየግዛቱ የመጡት ሁሉንም ወክለው ነበር፤ ነገር ግን ከውክልናው በቀር ስለ ሥራው የሚጠየቁት ነገር አልነበረም። ከሰባቱ መካከል ከምዕራብ የመጡ ሦስት ሰዎች፣ ከሰፊው ኮሚቴም መካከል ሳይንሱን የሚያውቁ አሥር ሰዎች ቢጨመሩ ኖሮ ጠቡ ባልበረደም እንኳ ጉባኤው ያን ያህል ባልተጎዳ እላለሁ፤ ይህ የእኔ ግምት ነው።

ዴቪስ የማኅበሩን ሳምንታዊ መጽሔት ከጁላይ 1883 ጀምሮ የመጀመሪያው አዘጋጅ ሆነው እስከ 1888 ማብቂያ መሩት። እስከ ዛሬ የሚወጣው የማኅበሩ መጽሔት መነሻው ይህ ነው። በ1855 ደግሞ የማኅበሩን ታሪክ ራሳቸው ጽፈው አሳትመዋል። ሰው በሠላሳ ዓመቱ የተከለውን ዛፍ በሰባ ዓመቱ ሲያጠጣ ማየት ብርቅ ነው፤ እኒህ ሰው ግን ለማኅበራቸው ያልሠሩት ሥራ አልነበረም። የተቃወሟቸውም ቢሆኑ በትጋታቸው አይከራከሩም።

በ1901 ማኅበሩ በሴንት ፖል ባደረገው ጉባኤ አደረጃጀቱን ከሥር ለወጠ። የአጠቃላይ ጉባኤው ሥልጣን ከ150 ለማይበልጡ ልዑካን ምክር ቤት ተላለፈ፤ ሹማምንቱንም የሚመርጠው ይኸው ምክር ቤት ሆነ። ዴቪስ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። በጁን 16 ቀን 1904 በቺካጎ ዐረፉ። በማግስቱ በወጡት የሙያ መጽሔቶች ስለ ትምህርት ጥራት ያደረጉት ትግል፣ ስለ መሥራችነታቸውና ስለ ደግነታቸው ብዙ ተጻፈ። ስለ 1870ው ኮሚቴ የሚናገር ሰው ግን ለብዙ ዘመን በማኅበሩ ውስጥ አልተሰማም።

የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር በጁላይ 2008 ከመቶ ዓመት በላይ ጥቁር ሐኪሞችን በማግለሉ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን ያስከተለውን ጥናት ያደረጉት የታሪክ ሊቃውንት ያነሡት የመጀመሪያው ትልቅ ጉዳይ የዋሽንግተኑ ጉባኤና ያቺ ሦስት ለሁለት የተከፈለች ኮሚቴ ነበረች። በ2021 ደግሞ ማኅበሩ ለብዙ ዓመታት በዋና መሥሪያ ቤቱ ቆሞ የነበረውን የዴቪስን ሐውልት ከአደባባይ አንሥቶ ወደ መዝገብ ቤቱ አዛወረው።